ስለ ሩቅ ብርሃንና ስለ እውነተኛ ምስክር

ሰው የሚያውቀውን ሁሉ በገዛ ዐይኑ አይቶ አላወቀውም። ከመወለዱ በፊት የሆነውን ከታሪክ ጸሐፊ፣ በሩቅ አገር ያለውን ከመንገደኛ፣ የአባቶቹን ሥርዐት ከመምህሩ ተቀብሎ ያውቃል። እንግዲህ የዕውቀታችን የሚበዛው ክፍል የቆመው በምስክር ላይ ነው። ምስክሩ የታመነ ከሆነ ዕውቀታችን ይጸናል፤ ምስክሩ ካበለ ግን ዕውቀት መስሎን የያዝነው ነገር እንደ ገለባ በነፋስ ይወሰዳል። ስለዚህ «እውነተኛ ምስክር ማን ነው? ከእርሱስ ምን ይፈለጋል?» ብሎ መጠየቅ የዳኞች ሥራ ብቻ አይደለም፤ የሚያስተምርና የሚማር ሰው ሁሉ ሥራ ነው።

ይህን አሮጌ ጥያቄ ዛሬ በአዲስ ነገር ላይ አቁመን ልንመረምረው እንወዳለን። በዘመናችን ለእንጀራቸው ሌላ ሥራ ያላቸው፣ በገዛ ገንዘባቸው ትንሽ ቴሌስኮፕና ዲጂታል ካሜራ የገዙ ሰዎች፣ ሌሊቱን በትጋት እየነቁ በዐይን ከቶ የማይታዩትን፣ ወይም እንደ ጢስ ደብዝዘው ብቻ የሚታዩትን ጋላክሲዎች ፎቶግራፍ ያነሣሉ። ጋላክሲ ማለት እንደ እኛ ፍኖተ ሐሊብ ያለ፣ ቍጥራቸው እጅግ የበዛ ከዋክብት በአንድነት የተሰበሰቡበት ማኅበር ነው። ሥዕሉም በእጅ ስልክ ከከተማ ወደ ገጠር በአንድ ቀን ይደርሳል። አይተውት የሚያደንቁ አሉ፤ «ይህ በኮምፒዩተር የተቀባ ነው እንጂ እውነት አይደለም» የሚሉ አሉ፤ ከሥዕሉ ውስጥ የሌለውን ነገር አውጥተው በጉባኤ የሚናገሩም አሉ። ሦስቱን ወገኖች አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ሥዕሉ እንዴት እንደ ተገኘ አለመጠየቃቸው ነው። ስለዚህ አስቀድመን አገኛኘቱን እንይ፤ ከዚያ በኋላ ስለ እውነቱና ስለ ሐሰቱ እንነጋገራለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመቶቹ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ነገሩን በምናውቀው ስፍራ ላይ እናቁመው። ባቢሌ ከሐረር በስተ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ጅጅጋ በሚወስደው ጐዳና ላይ የምትገኝ፣ በለውዟና በማዕድን ውኃዋ የታወቀች ከተማ ናት። ከእርሷ አልፎ ወደ ጅጅጋ ሲጓዙ የደካታ ሸለቆ ይገኛል፤ በዚያም ታላላቅ ድንጋዮች አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው፣ ሊወድቁ የደረሱ መስለው ሳይወድቁ ቆመው ይታያሉ። ከከተማው መብራት ወጣ ብሎ ጨረቃ በሌለችበት የበጋ ሌሊት ወደ ላይ የተመለከተ ሰው ፍኖተ ሐሊብን ከአድማስ እስከ አድማስ ተዘርግቶ ያየዋል። በዚያ አገር የሚኖሩ የሶማሌ አርብቶ አደሮች ከዋክብትን እያዩ የዝናሙንና የበጋውን ወራት ሲለዩ ኖረዋል፤ ሙሳ ሐጂ ኢስማዒል ጋላል የተባለው የሶማሌ ሊቅም ይህን የአባቶቹን ዕውቀት ሰብስቦ ጽፎታል። እኛም በበኩላችን የባሕረ ሐሳብን ቍጥር የምንማር፣ አበቅቴንና መጥቅዕን እየቈጠርን የጨረቃን ሌሊት የምንወስን፣ የብርሃናትን ሥርዐት የሚናገረውን መጽሐፈ ሄኖክን በግእዝ ምሉእ አድርገን የጠበቅን ሕዝብ ነን። የሰማይ ነገር ለዚህች አገር ልጅ እንግዳ ነገር አይደለም።

ባቢሌ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ የሰሜኑም የደቡቡም ሰማይ ይገለጥላታል። በኅዳር ወር አጋማሽ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ በስተ ሰሜን ከፍ ብላ አንድሮሜዳ የምትባለው ጋላክሲ ትቆማለች። በዚያው ሰዓት በስተ ደቡብ፣ አድማሱ ከጠራ፣ ከምድር ጥቂት ብቻ ከፍ ብሎ ትንሹ የማጄላን ደመና የሚባለው ሌላው ጋላክሲ ይታያል። በአውሮፓ የሚኖር ሰው ይህን የደቡቡን ፈጽሞ አያየውም፤ በአውስትራሊያ ደቡብ የሚኖርም አንድሮሜዳን ቢያያት ከአድማስ ጥግ ነው። እነዚህ ሁለቱ በሰው ልጅ የዕውቀት ታሪክ እንዴት እንደ ተገናኙ ከዚህ በታች እንናገራለን።

አንድሮሜዳ የሚለው ስም ራሱ ወደ ኢትዮጵያ የሚመለስ ነው። የጥንት ግሪኮች በተረታቸው ኬፌዎስ የሚባል የኢትዮጵያ ንጉሥ፣ ካሲዮፔያ የምትባል ንግሥትና አንድሮሜዳ የምትባል ልጅ እንደ ነበሩ ያወራሉ። ንግሥቲቱ መልክን ከልክ በላይ አድንቃ ከባሕር ደናግል ይልቅ ውበት የእኛ ነው ብላ በመመካቷ መቅሠፍት መጣ፤ ልጅቱም በእናቷ አፍ ጥፋት ከዓለት ጋር ታሰረች ይላሉ። ሦስቱም ስሞች ዛሬ በሰማይ የከዋክብት ክፍሎች መጠሪያ ናቸው። የአረማውያን ተረት እንደ መሆኑ እኛ በእርሱ ላይ ትምህርት አንመሠርትም፤ ነገር ግን ውበትን ከልክ በላይ አጋንኖ መናገር የሚወዱትን ነገር እንደሚያሳስር ያስተዋለ ሰው እንደ ተረከው እናያለን። በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንድ አንድ ኮከብ እንዲሰይም ሲሰጥ፣ ለኢትዮጵያ የደረሰው ኮከብ የሚገኘው በዚሁ በአንድሮሜዳ ክፍል ነው፤ ኮከቡ «ቡና»፣ በዙሪያው የሚዞረው ዓለም ደግሞ «አቦል» ተብለዋል።

አሁን ወደ አገኛኘቱ እንመለስ። አንድሮሜዳ በጨለማ ስፍራ ላለ ሰው በዐይን ትታያለች፤ የምትታየው ግን እንደ ደበዘዘች የጉም ቁራጭ ነው። ዐብዱረሕማን አስሱፊ የተባለው የፋርስ ሊቅ በ964 በጻፈው መጽሐፍ ትንሽ ደመና ብሎ መዝግቧታል። ስፋቷ ግን በእውነቱ ከሙሉ ጨረቃ ስድስት እጥፍ ያህል ነው። ታዲያ ይህን የሚያህል ነገር ዐይናችን ስለ ምን አያየውም? ምክንያቱ ሁለት ነው። ፊተኛው፣ በጨለማ እጅግ የተከፈተ የዐይን ብሌን ወርዱ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ የሚያስገባው ብርሃን ጥቂት ነው፤ ወርዱ 80 ሚሊ ሜትር የሆነ ትንሽ ቴሌስኮፕ እንኳ ከዐይን 130 እጥፍ ያህል ብርሃን ይሰበስባል። ሁለተኛው፣ ዐይን ብርሃንን አያጠራቅምም፤ የአንድ ቅጽበትን ብርሃን ተቀብሎ ወዲያው ለሚቀጥለው ስፍራ ይለቃል። ካሜራው ግን በሩን ከፍቶ ለደቂቃዎች ይጠብቃል፤ ከአንድ ደቂቃ በፊት የመጣውንና አሁን የመጣውን ብርሃን በአንድ ጎተራ ያከማቻል።

ይህ ትዕግሥት ቀላል ነገር አይደለም። ምድር ስለምትዞር ሰማይ በሰዓት 15 ዲግሪ የሚሄድ መስሎ ይታያል፤ ቴሌስኮፑ ካልተከተለው ኮከብ ሁሉ እንደ ክር ይጐተታል። ስለዚህ ቴሌስኮፑ በቀስታ በሚያዞረው መሣሪያ ላይ ይቀመጣል፤ የመሣሪያውም ዘንግ ወደ ሰማይ ዋልታ በትክክል መቅናት አለበት። በአውሮፓ ላለ ሰው የሰሜን ኮከብ ከፍ ብሎ ስለሚታየው ይህ አያስቸግረውም። በባቢሌ ግን ኮከቡ ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ ከፍ ስለሚል አንድ ኮረብታ ወይም የበጋው አቧራ ይሸፍነዋል፤ በዚያ የሚሠራ ሰው ሌሎች ከዋክብትን እየተከተለ ስሕተቱን ጥቂት በጥቂት ማረም ይኖርበታል። በእንጦጦ ተራራ ላይ 1 ሜትር ወርድ ያላቸው መስተዋቶችን የያዙ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ ሆኖም የአዲስ አበባ መብራት ከሥራቸው አለ። የባቢሌ በረሓ መስተዋት ባይኖረውም ጨለማ አለው፤ ለዚህ ሥራ ጨለማ ሀብት ነው።

አንድ ፎቶግራፍ ብቻውን ጥቂት ያሳያል። ስለዚህ ሠሪው በአንድ ሌሊት፣ አንዳንድ ጊዜም በብዙ ሌሊቶች፣ መቶም ሁለት መቶም ፎቶግራፍ አንሥቶ በኮምፒዩተር ይደምራቸዋል። በመደመሩ የሚሆነው ነገር አስደናቂ ነው። ከጋላክሲው የመጣው ብርሃን በሁሉም ፎቶግራፍ ላይ በአንድ ስፍራ ስለሚያርፍ፣ 100 ፎቶግራፍ ሲደመር 100 እጥፍ ይሆናል። ከመሣሪያውና ከአየሩ የሚመጣው ሁከት ግን አንድ ጊዜ ወደዚህ አንድ ጊዜ ወደዚያ ስለሚል እርስ በርሱ ይጣላል፤ በ100 ፎቶግራፍ የሚያድገው 10 እጥፍ ብቻ ነው። እውነት ቃሉ አንድ ስለሆነ በመደጋገም ይጸናል፤ ሁከት ግን ቃሉ የማይስማማ ምስክር ስለሆነ በመደጋገም ይጋለጣል። ኦሪት ነገር በአንድ ምስክር ሳይሆን በሁለት ወይም በሦስት እንዲጸና ያዘዘችበትን ጥበብ በዚህ ሥራ ውስጥ ማየት ይቻላል።

ከዚህም ሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ሥርዐት አንድ አለ። ፎቶግራፍ አንሺው ጋላክሲውን ካነሣ በኋላ የቴሌስኮፑን አፍ በክዳን ይዘጋና በዚያው ሙቀትና በዚያው የጊዜ ልክ የጨለማ ፎቶግራፍ ያነሣል። በዚህ ፎቶግራፍ ላይ አንዳች ነገር ሊኖር አይገባም ነበር፤ ነገር ግን ነጥቦችና ነጠብጣቦች ይታያሉ። እነዚህ ከሰማይ የመጡ አይደሉም፤ የካሜራው የራሱ ጉድለት የወለዳቸው ናቸው። ሠሪው ይህን የራሱን ጉድለት መዝግቦ ከሰማዩ ፎቶግራፍ ላይ ይቀንሰዋል። እንዲሁም ሁሉ ስፍራው እኩል የበራ ነገር አንሥቶ በመስተዋቱ ላይ ያረፈው የአቧራ ጥላ የት የት እንደሆነ ያውቃል፤ እርሱንም ያርማል። ስለ ሌላው ከመናገሩ በፊት የራሱን ጨለማ የለካ ምስክር እንዴት ያለ ምስክር ነው! ከእኛ መካከል ስለ ባልንጀራው ሲፈርድ ከዐይኑ የሚወጣውን ነጥብ ከባልንጀራው ፊት ላይ ያየ መስሎት ያልተሳሳተ ማን አለ?

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ተደምሮ፣ ተቀንሶ፣ ታርሞ፣ ደብዛዛው እንዲጐላ ተደርጎ የወጣው ሥዕል እውነት ነውን? ወይስ የሰው እጅ ሥራ? ይህን ለመፍታት ከቤተ ጉባኤ የተማርነው ነገር ይበቃናል። የትርጓሜ መምህር አስቀድሞ ንባቡን በግእዝ ያስነብባል፤ ቀጥሎ በአማርኛ ይተረጕማል፤ ሁለተኛ ሐሳብ ሲያመጣ «አንድም» ይላል። ተማሪው የትኛው ንባብ፣ የትኛው ትርጓሜ እንደሆነ ለአንዲት ቃል እንኳ አይሳሳትም። ትርጓሜው ስለ በዛ ንባቡ አይጠፋም፤ ንባቡም ስለ ከበረ ትርጓሜው ሐሰት አይባልም። ጥፋት የሚሆነው የራሱን ሐሳብ ንባብ አስመስሎ በመጽሐፉ ውስጥ የጻፈ ሰው ሲገኝ ነው። የሰማይ ፎቶግራፍም እንዲሁ ነው። ካሜራው የተቀበለው ብርሃን ንባብ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚደረገው ማጕላትና ቀለም መስጠት ትርጓሜ ነው። ሥዕሉ ትርጓሜ ስላለበት ሐሰት አይደለም፤ ሐሰት የሚሆነው ንባቡ ሲሰወር፣ ወይም የሠሪው ምኞት በንባቡ ስፍራ ሲገባ ነው።

ይህን ታሪክ ይመሰክርልናል። በ1888 አይዛክ ሮበርትስ የተባለ የዌልስ ተወላጅ፣ ሥራው ሕንፃ ማሠራት የነበረ ሰው፣ በግል በገዛው መስተዋቱ 50 ሴንቲ ሜትር በሆነ ቴሌስኮፕ አንድሮሜዳን በመስተዋት ሰሌዳ ላይ አነሣት። ከእርሱ በፊት በዐይን የተመለከቷት ሊቃውንት ሁሉ ያላዩትን ጠመዝማዛ መልኳን ሰሌዳው አሳየ። ሮበርትስ ግን ያየውን ሲተረጕም ተሳሳተ፤ እንደ ፀሐይና በዙሪያዋ እንዳሉት ዓለማት ያለ አንድ ሥርዐት በመፈጠር ላይ ያለ መሰለው። ንባቡ እውነት ነበረ፤ ትርጓሜው ግን ሳተ። ሰሌዳውን እንደ ተቀበለ ስለ ጠበቀው የትርጓሜው መሳት ማንንም አልጐዳም፤ ለሚመጣው ትውልድ ንባቡ ቀረለት።

ከዚያ በኋላ ሄንሪየታ ሊቪት የምትባል አሜሪካዊት በትንሹ የማጄላን ደመና ውስጥ ያሉ ተለዋዋጭ ከዋክብትን ከፎቶግራፍ ሰሌዳዎች ላይ ስትቈጥር፣ ብርሃናቸው የሚጨምርበትና የሚቀንስበት ዙር የረዘመው በእውነት ይበልጥ ብሩሃን መሆናቸውን በ1912 አስታወቀች። እንዲህ ያሉት ከዋክብት ስማቸው የተወሰደው በኬፌዎስ ክፍል ካለ ኮከብ ነው፤ ይህም ያ ግሪኮች የኢትዮጵያ ንጉሥ የሚሉት ኬፌዎስ ነው። በጥቅምት 1923 ኤድዊን ሀብል በካሊፎርኒያ በዊልሰን ተራራ ላይ በ2.5 ሜትር መስተዋት አንድሮሜዳን አንሥቶ በድንገት የሚፈነዱ ከዋክብት መስለው የታዩትን በቀለም ምልክት አደረገባቸው። ከቀድሞዎቹ ሰሌዳዎች ጋር ሲያስተያይ ግን አንደኛው እንደ ሊቪት ከዋክብት የሚለዋወጥ ሆኖ አገኘው። ያን ጊዜ የፊተኛውን ምልክት አልፋቀውም፤ በላዩ ሰረዝ አድርጎ ከጎኑ «ተለዋዋጭ!» የሚል አጭር ቃል ጻፈ። ሰሌዳው እስከ ዛሬ ስሕተቱንም እርማቱንም ይዞ ይታያል። በዚህች ኮከብ ምክንያት አንድሮሜዳ ከፍኖተ ሐሊብ ውጭ ያለች ሌላ ጋላክሲ መሆኗ ታወቀ። በባቢሌ ሰማይ በአንድ ሰዓት ፊት ለፊት የሚቆሙት ሁለቱ ብርሃናት የተገናኙት በዚህ ነው፤ የደቡቡ መለኪያ ሆነ፤ የሰሜኗ ተለካች።

ሀብል የለካው ርቀት ግን 900,000 የብርሃን ዓመት ያህል ነበረ። በ1952 ዋልተር ባዴ እንዲህ ያሉት ተለዋዋጭ ከዋክብት ሁለት ወገን መሆናቸውን ሲያስታውቅ ርቀቱ እጥፍ ሆነ፤ ዛሬ 2,500,000 የብርሃን ዓመት ያህል ነው ይባላል። የብርሃን ዓመት ማለት በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሮጠው ብርሃን በአንድ ዓመት የሚሄደው መንገድ ነው። ቍጥሩ ታረመ፤ ሰሌዳው ግን አልተለወጠም። ያልተበረዘ ንባብ ያለው ሕዝብ ትርጓሜውን ለማረም ሁልጊዜ መመለሻ አለው።

በቅርቡም የሆነውን እንጨምር። በ2022 ሦስት ትጉሃን፣ እነርሱም ያን ሳንቲ፣ ማርሴል ድረክስለርና ግዛቪየር ስትሮትነር፣ ከኦክሲጅን የሚወጣውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ማጥለያ ተጠቅመው፣ ከ100 ሰዓት በላይ በተጠራቀመ ብርሃን ከአንድሮሜዳ አጠገብ ታላቅ የደበዘዘ ቅስት አገኙ። ይህችን ጋላክሲ በዓለም ላይ ያሉ ታላላቅ ቴሌስኮፖች ሁሉ አይተዋታል፤ ቅስቱን ግን አላዩትም ነበር። ያገኙት ሰዎች ወዲያው አልተመኩም፤ ምናልባት የመስተዋታችን ነጸብራቅ ይሆናል ብለው በሌላ ስፍራ፣ በሌላ ቴሌስኮፕና በሌላ ካሜራ ሌሎች ሰዎች እንዲያነሡት አደረጉ። ቅስቱ በሁሉም ዘንድ ሲገኝ በጥር 2023 በሊቃውንት መጽሔት አወጁት። ቅስቱ በአንድሮሜዳ አጠገብ ይሁን ወይስ በእኛው ፍኖተ ሐሊብ ውስጥ ከፊቷ የቆመ ይሁን ሊቃውንቱ እስከ አሁን ይከራከራሉ። እንግዲህ ንባቡ ጸንቷል፤ ትርጓሜው ግን ገና «አንድም» ላይ ነው።

የሐሰትንም መልኮች እንይ፤ እነርሱም ሦስት ናቸው።

ፊተኛው ንባቡ ራሱ ሐሰት ሲሆን ነው። በሐምሌ 31 ቀን 2022 ኤትየን ክላይን የተባለ የታወቀ የፈረንሳይ የፊዚክስ ሊቅ ከአዲሱ የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ የመጣ የኮከብ ፎቶግራፍ ነው ብሎ አንድ ቀይ ክብ ሥዕል ለሕዝብ አሳየ። ብዙ ሰዎች ተደነቁ። ሥዕሉ ግን የቋሊማ ቁራጭ ነበረ። ሊቁ ቀልድ መሆኑን ገልጦ ይቅርታ ጠየቀ፤ ማዕረግ ያለው ሰው ስለ ተናገረው ብቻ ነገርን አትመኑ ለማለት እንደ አደረገውም ተናገረ። ከዚህ የምንማረው የሰው ልብ ማድነቅን ከመመርመር አስቀድሞ እንደሚወድ ነው።

ሁለተኛው ንባቡ ሳይኖር በቃል የተያዘውን እንደ ተነበበ አድርጎ ማቅረብ ነው። በመጋቢት 2023 አንድ ሰው የጨረቃን ሥዕል ሆነ ብሎ አደብዝዞ በኮምፒዩተር መስኮት ላይ አቆመና በጨለማ ክፍል ውስጥ በአንድ የእጅ ስልክ አነሣው። በተነሣው ሥዕል ላይ በፊተኛው ያልነበሩ ጉድጓዶችና ጠርዞች ወጡ። ስልኩ ጨረቃን አስቀድሞ «ተምሯት» ስለ ነበረ ያላየውን ከትዝታው ሞላ። ዛሬ ለጋላክሲ ፎቶግራፍም ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተባለው መሣሪያ እንዲህ ያለውን ሥራ መሥራት ይችላል። ፊደል የሚማር ሕፃን ገበታውን በቃሉ ይዞ የሚያነብ ሲመስል መምህሩ በስንደዶ ከመካከል አንዲቱን ፊደል ነክቶ ሲጠይቀው ዝም ይላል። ይህም ሥዕል እንደዚያ ሕፃን ነው፤ ሲጠይቁት ስለ ሰማይ የሚመልሰው የለውም።

ሦስተኛው ንባቡ እውነት ሆኖ ትርጓሜው ሐሰት ሲሆን ነው፤ እኛን ይልቁን የሚመለከተን ይህ ነው። በ2003 ሂሊክስ የተባለው ኔቡላ ከሁለት ቴሌስኮፖች በተገጣጠመ ሥዕል ታተመ። ኔቡላው 650 የብርሃን ዓመት ያህል የራቀ፣ አንድ ኮከብ በማለቂያው ዘመን ከላዩ የጣለው ጋዝ ነው። መልኩ ዐይን ስለሚመስል ግን «የእግዚአብሔር ዐይን» የሚል መልእክት ተለጥፎበት በየአገሩ ዞረ። ያን ሥዕል ያሰራጩት ሰዎች የሚበዙት ክፉዎች አልነበሩም፤ ፈጣሪን የሚወዱና ሌላውም እንዲወደው የሚሹ ነበሩ። ነገር ግን ምእመኑ ነገ በትምህርት ቤት የሂሊክስን ነገር ሲማር የሚያፍረው በሥዕሉ አይደለም፤ ባስተማረው ሰው ነው። ካስተማረው ሰው አልፎ በትምህርቱ ሁሉ ላይ ጥርጥር ይገባዋል።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «ታዲያ ቀለሙስ? ካሜራው ብርሃንን በጥቍርና በነጭ ተቀብሎ ሠሪው ቀይና ሰማያዊ ከሰጠው ይህ ውሸት አይደለምን?» የሚል ይኖራል። ይህ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። ብዙዎቹ የሃይድሮጅንን ብርሃን በአንድ ማጥለያ፣ የኦክሲጅንን በሌላ ማጥለያ ለየብቻ ያነሣሉ፤ በኋላ ለእያንዳንዱ ቀለም ይመድባሉ። ቀለሙ በእውነተኛው ብርሃን መጠን የተሰጠ ሲሆንና ሠሪው «ይህን ቀለም ለዚህ ብርሃን ሰጥቻለሁ» ብሎ ሲናገር፣ ይህ ከግእዝ ወደ አማርኛ እንደ መመለስ ነው፤ ቃሉ ተለወጠ እንጂ ምሥጢሩ አልተለወጠም። ጋላክሲው የደበዘዘበትን ስፍራ ስለ ደበዘዘ አስቀያሚ ነው ብሎ ሌላ ነገር የሞላበት ግን፣ በአሮጌ ብራና ላይ የጠፋውን ቃል ከልቡ ፈጥሮ እንደ ጻፈ ጸሐፊ ነው። ታማኝ ጸሐፊ የማይነበበውን ባዶ ይተወዋል። ባዶው ስፍራ ለሚመጣው አንባቢ ዕዳ ሳይሆን አደራ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ፈተና የሚመጣው ከጥላቻ ሳይሆን ከፍቅር መሆኑን ልብ እንበል። ፎቶግራፍ አንሺው ጋላክሲዋን የሚያጋንናት ስለ ጠላት አይደለም፤ ስለ ወደዳትና ሌላውም እንደ እርሱ እንዲወዳት ስለ ፈለገ ነው። ሰባኪም ተአምር ያልሆነውን ተአምር የሚያደርገው እግዚአብሔርን ስለ ናቀ አይደለም። የካሲዮፔያ ተረት የሚያሳየን ይህን ነው፤ ልጅቱን ያሳሰራት የእናቷ ጥላቻ ሳይሆን የእናቷ ትምክሕት ነበረ። እውነትን የሚወድ ሰው በሐሰት ሊያስጌጣት አይገባም፤ የሐሰት ጌጥ ያስፈልጋታል ብሎ ማሰቡ ብቻውን እንዳላመናት ያሳያልና።

ይህ ሕግ በእኛም በኩል ይሠራል። ከአንድሮሜዳ የሚመጣው ብርሃን ከዚያ ከተነሣ 2,500,000 ዓመት ያህል ነው ሲባል፣ በባሕረ ሐሳብ እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዘመን የቈጠረ ተማሪ ይደነግጣል። በዚህ ጊዜ ለመምህር ሁለት ፈተና ይመጣበታል። አንደኛው ቍጥሩን ደብቆ ሥዕሉን ብቻ ማሳየት ነው፤ ሁለተኛው ሁለቱን ቍጥሮች በግድ አጣብቆ ያልተፈታውን እንደ ተፈታ አድርጎ መናገር ነው። ሁለቱም ከንባቡ መፋቅ ናቸው። የባሕረ ሐሳብ ቍጥር በዓላትንና አጽዋማትን ሊያሠራልን የቆመ ነው፤ የጨረቃው ሌሊት እንኳ ዛሬ በዐይን ከምትታየው ጨረቃ በጥቂት ቀን ይለያል፤ ይህ ግን ሥርዐቱን አያፈርሰውም፤ ሥራው ሌላ ነውና። የሥነ ፈለኩም ቍጥር ከ900,000 ተነሥቶ የታረመ የሰው መለኪያ ነው። ስለዚህ መምህሩ የሁለቱንም ንባብ ሳይነካ በየስፍራው ያቆማል፤ ትርጓሜው በሚያጠራጥርበት ስፍራ እንደሚያጠራጥር ይናገራል። ተማሪው መምህሩ ያልደበቀውን ጥያቄ ይዞ በእምነት መኖር ይችላል፤ ሊኖር የማይችለው መምህሩ ደብቆት ኋላ በመንገድ ካገኘው ጥያቄ ጋር ነው።

እንግዲህ በእጅ ስልክ ለመጣ የሰማይ ሥዕል ሁሉ ሦስት ነገር ይጠየቅ። ማን አነሣው? በምን መሣሪያና በስንት ሰዓት ብርሃን ተገኘ? ከእርሱ ሌላ ያየው ምስክር ማን ነው? ለዚህ መልስ የሌለው ሥዕል በዐውደ ምሕረት ላይ አይቁም። መልስ ያለው ግን፣ ያነሣው ሰው የእኛን ሃይማኖት የሚከተል ባይሆን እንኳ፣ በምስጋና ይቀበሉት፤ እውነት ከማንም አፍ ቢወጣ ባለቤቷ አንድ ነውና። ቴሌስኮፕ ይዞ ወደ ባቢሌ በረሓ ለሚወጣ ወጣትም የምንለው አለን። ለሌሊቱ ትዕግሥት ከትጋሃ ሌሊት አባቶችህ ተማር። የራስህን ጨለማ አስቀድመህ ለካ። ካሜራህ የተቀበለውን እንደ ተቀበለ ጠብቀው፤ የጨመርኸውን ጨመርሁ፣ የቀነስኸውን ቀነስሁ በል። የደበዘዘው ቢደበዝዝ አትፈር፤ ያን ያህል ዘመን ተጕዞ ወደ አንተ የደረሰ ብርሃን በትንሹም ቢሆን ሳይበረዝ ሊተላለፍ ይገባዋል።